ራስን ማስተዳደርና ቋንቋን ማዳን፦ የሲይልኽ ሕዝብ ጉዳይ

ካናዳ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በረዶው ነው። በምዕራብ በኩል በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ውስጥ ግን ዝናብ የሚያጥረው፣ ቁልቋል የሚበቅልበት፣ ዛሬ ደግሞ በወይን እርሻው የታወቀ አንድ ረጅም ሸለቆ አለ። ኦካናጋን ይባላል። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሸለቆ ነባር ባለቤቶች ስለሆኑት ስለ ሲይልኽ ሕዝብ ነው። በተለይም ራሳቸውን ለማስተዳደር የሚያደርጉትን ጥረትና ቋንቋቸውንና ባህላቸውን ከመጥፋት ለማዳን የያዙትን ሥራ ለማስረዳት ይሞክራል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚጻፉት፤ አንዱን የሕግ ተማሪ ይወስደዋል፣ ሌላውን የቋንቋ ተማሪ። እኔ ግን ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም በደንብ አይገቡም ባይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይታያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

መጀመሪያ ስለ ስሞቹ ትንሽ መባል አለበት። በእኛ የቆዩ ጽሑፎች የአሜሪካና የካናዳ ነባር ሕዝቦች «ቀይ ሕንዶች» ሲባሉ ኖረዋል። ይህ የኮሎምበስ የተሳሳተ ግምት ውርስ ነው፤ ሕንድ አገር የደረሰ መስሎት ያወጣው ስም። በካናዳ ዛሬ «ፈርስት ኔሽንስ»፣ እንደ ትርጉሙ «ቀዳሚ ሕዝቦች» ይባላሉ። «ባንድ» የሚባል ቃል ደግሞ ደጋግሞ ይመጣል። የሙዚቃ ጓድ ማለት እንዳይመስል። ባንድ ማለት የካናዳ መንግሥት በሕግ መዝግቦ፣ ሪዘርቭ የሚባል የተከለለ መሬት ሰጥቶ፣ አለቃና ምክር ቤት እንዲመርጥ ያደረገው አንድ የአካባቢ ማኅበረሰብ ነው። ሲይልኽ ግን ባንድ አይደለም። ሲይልኽ ሕዝቡ በሙሉ ነው፤ ባንዶቹ ያን ሕዝብ የከፋፈሉ የአስተዳደር ሣጥኖች ናቸው። ይህን ልዩነት ያልያዘ አንባቢ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ይምታታበታል።

የሲይልኽ ምድር ወደ 69 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ችግሩ ግን ከመሐሉ ላይ ድንበር ያልፍበታል። በ1846 እንግሊዝና አሜሪካ በኦሬገን ውል 49ኛውን የኬክሮስ መስመር ድንበር ሲያደርጉ አንዱ ቤተሰብ በሰሜን፣ ሌላው በደቡብ ቀረ። ማንም አልጠየቃቸውም። በደቡብ ያሉት በ1872 በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ በተቋቋመው የኮልቪል ሪዘርቬሽን ውስጥ ከሌሎች ሕዝቦች ጋር አንድ ላይ ተደረጉ። በሰሜን ያሉት ደግሞ ከ1876 ጀምሮ «የሕንዶች ሕግ» በሚባለው አዋጅ ሥር ወደቁ። ይህ ሕግ ማን «ሕንድ» እንደሆነ፣ መሬቱ እንዴት እንደሚያዝ፣ አለቃው እንዴት እንደሚመረጥ ሁሉ የሚወስን ነው። ከ1884 እስከ 1951 ባህላዊ የድግስና የስጦታ ሥርዓቶችን ከለከለ። ከ1927 እስከ 1951 ደግሞ ለመሬት ክስ ጠበቃ ለመቅጠር ገንዘብ ማሰባሰብን ሳይቀር ወንጀል አደረገ። በዚህ ላይ ልጆቹ ተወስደው በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት በሚተዳደሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገቡ፤ በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። ብዙ የሲይልኽ ልጆች የተላኩበት የካምሉፕስ ትምህርት ቤት አንዱ ነው። ቋንቋው ለምን እንደተዳከመ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ሩቅ ምክንያት መፈለግ የለበትም።

አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። የሲይልኽ ሕዝብ ከእንግሊዝ ዘውድም ሆነ ከካናዳ ጋር መሬቱን የሚያስረክብ ውል ፈርሞ አያውቅም። በካናዳ ምሥራቅና በሜዳማው ማዕከል ጥሩም ይሁን መጥፎ ውሎች ተፈርመዋል። በአብዛኛው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግን የለም። እንዲያውም ከ1913 እስከ 1916 የሠራ አንድ ኮሚሽን ቀድሞ ከተከለለላቸው ጠባብ መሬት ላይ እንኳ ጥሩ ጥሩውን እየቆረጠ ወሰደ። የፔንቲክተን ባንድ ያን የተቆረጠ መሬት ጉዳይ እስከ 1982 ድረስ ሲከራከርበት ቆይቶ ነው ስምምነት ላይ የተደረሰው። እንግዲህ «እኛ ያላስረከብነውን መሬት ማን ነው የሚያስተዳድረው?» የሚለው ጥያቄ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የዛሬ የሕግ ጥያቄ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ራሳቸውን እንዴት ያስተዳድሩ ነበር? ለዚህ መልሱ የሚገኘው ትሳፕቲክዉል በሚባሉት ተረቶች ውስጥ ነው። ተረት ስል የልጆች ማስተኛ ማለቴ አይደለም። ሕግ፣ የተፈጥሮ እውቀትና ሥነ ምግባር የሚተላለፍባቸው ትረካዎች ናቸው። በብዙዎቹ ውስጥ ዋናው ባለታሪክ ሰንክሊፕ፣ ማለትም ኮዮቴ የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ነው፤ አንዴ ብልህ፣ አንዴ ሞኝ ይሆናል። ከሁሉም ይበልጥ ለአስተዳደር ጉዳይ የሚጠቀሰው ግን የአራቱ የምግብ አለቆች ታሪክ ነው። ሰዎች ገና ወደ ምድር ሊመጡ ሲሉ አራት አለቆች ተሰብስበው «እነዚህ ሰዎች ምን በልተው ይኖራሉ?» ብለው ይመክራሉ። አለቆቹ ጥቁር ድብ፣ መራራ ሥር ያለው አንድ የሜዳ ተክል፣ ሳስካቱን የሚባለው የቁጥቋጦ ፍሬና የጸደይ ሳልመን ዓሣ ናቸው። በመጨረሻ ድቡ ሌሎቹን ቀድሞ ራሱን ምግብ አድርጎ ይሰጣል፣ ሌሎቹም ይከተላሉ። ድቡ ሲሞት ሁሉም በየተራ እየዘፈኑ ሊያስነሱት ይሞክራሉ፤ ያስነሳችው ግን ማንም ያልቆጠራት ዝንብ ናት።

ከዚህ ታሪክ የአመራር ዘዴ ወጥቷል። በሲይልኽ ምሁራን ትንታኔ ድብ የሽማግሌዎችና የወግ ድምፅ ነው። ሥሩ በመሬት ውስጥ የተያያዘውን ሁሉ፣ ግንኙነትን ይወክላል፤ የእናቶች ድምፅ ይባላል። ፍሬው የወጣቶችና የአዲስ ሐሳብ፣ ሳልመኑ ደግሞ የአባቶችና የሥራ ድምፅ ነው። አንድ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ አራቱም ወገኖች ይናገራሉ። የሚፈለገው ግን ክርክር አሸንፎ መውጣት አይደለም። ከእኔ በጣም የራቀውን ሐሳብ የያዘው ሰው እኔ ያላየሁትን ይዟል ብሎ መነሳት ነው። ሥርዓቱ ኤናውኪን ይባላል። የቃሉ ሥዕል በጠብታ በጠብታ ወደ ራስ ውስጥ የሚገባ ውሃ ነው ይላሉ፤ ሳይገደዱ፣ ቀስ ተብሎ ወደ መግባባት መድረስ። ይህን ለውጭ አንባቢ በሰፊው ያስረዳችው ደራሲና ምሁር ጃኔት አርምስትሮንግ ናት።

እዚህ ላይ ጥርጣሬ ያለው አንባቢ «ይህ ሁሉ ያማረ ነው፣ ግን የመንገድ ጥገና በጀት በጠብታ ይጸድቃል እንዴ?» ሊል ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ወደ ዛሬው አስተዳደር እንለፍ።

ዛሬ በካናዳ በኩል ሰባት የሲይልኽ ባንዶች አሉ። በቨርነን አካባቢ ያለው ኦካናጋን፣ ዌስትባንክ፣ ፔንቲክተን፣ ኦሶዩስ፣ ላይኛውና ታችኛው ሲሚልካሚን፣ እንዲሁም ላይኛው ኒኮላ ናቸው። ሰባቱ በ1981 የኦካናጋን ኔሽን አላያንስ የተባለውን ኅብረት መሠረቱ፤ በአሜሪካ በኩል ያሉት የኮልቪል ወገኖቻቸውም የኅብረቱ አባል ናቸው። በ1987 አንድ ሕዝብ መሆናቸውንና ምድሪቱን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለባቸው የሚያውጅ መግለጫ አወጡ። በ2014 ደግሞ ስለ ውሃ ሌላ መግለጫ ፈረሙ። በካናዳ ሕግ ዓይን በጀትና ሪዘርቭ ያለው ባንዱ ነው፤ በሲይልኽ ዓይን ግን መብቱ የሕዝቡ ነው። የውስጥ ውጥረቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። አንድ ባንድ ለብቻው ከመንግሥት ጋር ቢስማማ የሌሎቹን የጋራ መብት ይነካል ወይስ አይነካም?

የዌስትባንክ ታሪክ ይህን ጥያቄ በደንብ ያሳያል። ዌስትባንክ በ1963 ከኦካናጋን ባንድ ተለይቶ ራሱን የቻለ ባንድ ነው። መሬቱ ከኬሎውና ከተማ በሐይቁ ማዶ፣ ዋናው አውራ ጎዳና የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ቦታው ወርቅ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛው መሬት በግለሰብ አባላት ይዞታ ሥር ስለሆነ ለረጅም ዘመን እየተከራየ የገበያ አዳራሽ፣ የመኖሪያ መንደርና የጡረተኞች ቤት ተሠራበት። በ1980ዎቹ በአስተዳደሩ ላይ ብዙ ክርክር ተነስቶ የፌዴራል መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር፤ ሪፖርቱ በ1988 ወጣ። ነገሩን ላጠና ሰው ከዚህ የሚታየው ቁም ነገር የሕንዶች ሕግ ይህን ያህል ኢንቨስትመንት ለሚያስተናግድ ማኅበረሰብ የተሠራ አለመሆኑ ነው። አንድ የኪራይ ውል ለማጽደቅ ኦታዋ ያለ ቢሮ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር።

ከአሥር ዓመት በላይ ከፈጀ ድርድር በኋላ ስምምነቱ በጥቅምት 2003 ተፈረመ፤ ፓርላማው በ2004 አጸደቀው፤ ሚያዝያ 1 ቀን 2005 ሥራ ላይ ዋለ። ዌስትባንክ የራሱን ሕገ መንግሥት አወጣ። በመሬት፣ በትምህርት፣ በቋንቋና ባህል፣ በግንባታና በንግድ ፈቃድ፣ በመንገድና በመሳሰሉት ጉዳዮች ሕግ ማውጣት ይችላል። የሕንዶች ሕግም በአብዛኛው ከላዩ ላይ ተነሳ። የወንጀል ሕግ ግን የፌዴራል መንግሥቱ እንደሆነ ነው፤ የካናዳ የመብቶች ቻርተርም ይሠራል። መሬቱ በፌዴራል ሕግ ለነባር ሕዝቦች የተጠበቀ መሬት መሆኑም አልቀረም። ስለዚህ ነጻነት ነው ብሎ መጻፍ ማጋነን ነው፤ የቀበሌ ሥልጣን ነው ብሎ ማቃለልም እንደዚሁ ስሕተት ነው።

አሁን የሚገርመው ክፍል ይመጣል። በዌስትባንክ መሬት ላይ ከሚኖረው ሰው የማኅበረሰቡ አባል የሆነው ጥቂቱ ነው። አባል ያልሆኑት ነዋሪዎች ከ9 ሺህ በላይ ናቸው፤ የአባላቱ ቁጥር ግን ወደ ሺህ የሚጠጋ ብቻ ነው። እነዚያ ነዋሪዎች ግብር ይከፍላሉ፣ ውሃና ቆሻሻ ማንሻ ይጠቀማሉ፣ ነገር ግን ለምክር ቤቱ አይመርጡም። «ግብር ከፍዬ እንዴት ድምፅ አይኖረኝም?» የሚለው ክርክር በፓርላማም በጋዜጦችም ተነስቷል። ዌስትባንክ የሰጠው መፍትሔ አማካሪ ምክር ቤት ነው። ነዋሪዎቹ የራሳቸውን ተወካዮች ይመርጣሉ፤ በቀጥታ የሚነካቸው ሕግና የንብረት ግብሩ በጀት ለዚያ ምክር ቤት ይቀርባል፤ ውሳኔው ግን የአባላቱ ምክር ቤት ነው። ፍትሐዊ ነው? አንባቢ ለጊዜው ራሱን በሁለቱም በኩል ያስቀምጥ። ድምፅ ለሁሉም ቢሰጥ የዌስትባንክ ሰዎች በቀረቻቸው ጠባብ መሬት ላይ እንኳ በአንድ ምርጫ ተውጠው ይቀሩ ነበር። በሌላ በኩል ተከራዮቹ ገብተው የሚኖሩት በፈቃዳቸው ውል ፈርመው ነው። በእኔ አስተያየት ዌስትባንክ ያገኘው መንገድ ካሉት አማራጮች የተሻለው ነው። ከኤናውኪን ጋርም ባይገናኝ እንኳ የሚቀራረብ ነገር አለው፤ ድምፅ የሌለውን መስማት ግዴታ መሆኑ በሕግ ተጽፏል።

ትችቱ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ሪዘርቩን በሚገባ ሲያስተዳድር፣ ከሪዘርቩ ውጭ ያለው ሰፊው ያልተሰጠ ምድር ጉዳይ ይረሳ ይሆን? ስምምነቱ የነባር መብቶችን እንደማይነካ በግልጽ ቢደነግግም ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ዌስትባንኮችም ቢሆኑ ጉዳዩን አልተዉትም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 በዴልጋሙክ ጉዳይ ነባር የመሬት ባለቤትነት አሁንም አለ ካለ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999 የዌስትባንክና የኦካናጋን ባንዶች ያለ መንግሥት ፈቃድ «ይህ ደን የእኛ ነው» ብለው እንጨት መቁረጥ ጀመሩ። ክፍለ ሀገሩ ከሰሳቸው። ክሱ ግን ያልተጠበቀ ችግር አመጣ። ባለቤትነትን በፍርድ ቤት ማስረዳት የታሪክ፣ የአርኪዮሎጂና የቋንቋ ባለሙያዎችን ስለሚጠይቅ ወጪው በሚሊዮን ነው፤ ባንዶቹ ያን አቅም አልነበራቸውም። በታኅሣሥ 2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ጉዳዩ ለሕዝብ ጥቅም ልዩ ክብደት ካለውና ተከሳሹ በሌላ መንገድ መከራከር ካልቻለ፣ መንግሥት ወጪውን አስቀድሞ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል ሲል ወሰነ። ውሳኔው ዛሬ በካናዳ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ነው፤ ከነባር ሕዝቦች ጉዳይ ውጭም ይጠቀሳል።

የኦሶዩስ መንገድ ደግሞ ለየት ይላል። አለቃው ክላረንስ ሉዊ በ1984 ተመርጦ ለአሥርት ዓመታት የመራው ይህ ባንድ የያዘው ፈሊጥ ኢኮኖሚ ይቅደም የሚል ነው። ባንዱ ከ1968 ጀምሮ ወይን ያለማ ነበር። በ2002 በሰሜን አሜሪካ በነባር ሕዝብ ባለቤትነት የመጀመሪያ የሆነውን የንካሚፕ ወይን መጥመቂያ ከፈተ፤ በ2006 ደግሞ የበረሃውን ተፈጥሮና ባህል የሚያሳይ ማእከል ሠራ። በዚሁ ሪዘርቭ በ1930ዎቹ በነበረ የቀን ትምህርት ቤት አንቶኒ ዋልሽ የሚባል አስተማሪ፣ ሌላው ቦታ ልጆች በቋንቋቸው ሲቀጡ፣ እሱ የሕዝባቸውን ታሪኮች እንዲስሉና በትያትር እንዲያሳዩ ያበረታታቸው ነበር። የልጆቹ ሥዕሎች እስከ አውሮፓ ሄደው ታይተዋል። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ብዙ ነገር የተረፈው እንዲህ ባለ ትንሽ ቀዳዳ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው። የሲይልኽ ቋንቋ ንሲይልኽትስን ይባላል፤ የመሐል አገር ሳሊሽ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። አሳሳቢነቱን ለመረዳት ቁጥር መደርደር አያስፈልግም። ቋንቋውን ከእናታቸው የተማሩት በአብዛኛው ሽማግሌዎች ናቸው፤ በየዓመቱም ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ምላሳቸው የሚተሳሰርባቸው ድምፆች ለእኛ የየዕለት ናቸው። ንሲይልኽትስን እንደ ጠ፣ ጰ፣ ጸ እና ቀ ያሉ ፈንጂ ድምፆች አሉት። እንደ ኰ፣ ቈ እና ኈ ከንፈር የሚከብባቸውም አሉት። ከጉሮሮ በጣም ወደ ኋላ የሚወጡ፣ እኛም የሌሉን፣ እንዳሉ ሆነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ታዲያ በላይ በታች ምልክት ይበዛበታል፤ የአ ድምፅ የተቆረጠ የጥያቄ ምልክት በሚመስል ፊደል ነው የሚጻፈው። ሌላም አለ። በዚህ ቋንቋ አጻጻፍ ትልቁ ፊደል አይገባም። አንዱን ስም ከሌላው አብልጦ ማክበር ይሆናል፣ ሁሉም እኩል ነው ይላሉ። በፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይሆንም፤ ምክንያቱ ግን የራሳቸው ነው።

ቋንቋውን የማዳኑ ሥራ ማእከል በፔንቲክተን ሪዘርቭ ላይ ያለው ኤናውኪን ማእከል ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ አንባቢ አሁን ያውቃል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ለትምህርት ቤቶች የሲይልኽ ይዘት ያለው ሥርዓተ ትምህርት ለማዘጋጀት ነበር። ከዚያ ወደ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ሰፋ፤ በ1980 የተመሠረተው ቲተስ ቡክስ የተባለው፣ በካናዳ በነባር ሕዝብ ባለቤትነት የመጀመሪያው አሳታሚ ድርጅትም ወደዚያው መጣ። ጃኔት አርምስትሮንግ «ስላሽ» የተባለውን ልቦለዷን በ1985 ያሳተመችው በዚሁ ነው። ከእሷ በፊት በ1927 «ኮጌዌአ»ን ያሳተመችው ሞርኒንግ ደቭም ከዚሁ ሕዝብ የተወለደች፣ የአርምስትሮንግም የቅርብ ዘመድ የሆነች ሴት ናት። አርምስትሮንግ በ2009 ከጀርመን ግራይፍስቫልድ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያገኘችው በሲይልኽ የአካባቢ ሥነ ምግባር ላይ በጻፈችው ጥናት ሲሆን፣ ጥናቱ ቅድም ያነሳናቸውን ትሳፕቲክዉሎች እንደ ሕግ ምንጭ አድርጎ የሚያነብ ነው።

የትምህርቱ መሰላል በ2021 አንድ ትልቅ ደረጃ ወጣ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኦካናጋን ግቢ፣ ከኤናውኪን ማእከልና ከኒኮላ ሸለቆ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመሆን፣ በንሲይልኽትስን አቀላጥፎ መናገርን የሚያስመርቅ የመጀመሪያ ዲግሪ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ተማሪዎች በሰኔ 2023 ተመረቁ። ስምንት ሰው ቢባል ትንሽ ይመስላል። የዲግሪው ዓላማ ግን ስለ ቋንቋው ማስተማር ሳይሆን ተናጋሪ ማውጣት ነው። አንድ አቀላጥፎ የሚናገር ወጣት አስተማሪ በአንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ሥራ መቶ መዝገበ ቃላት አይሠራውም። ከድንበሩ ማዶ በስፖኬን ከተማም ልጆች በዚሁ ቋንቋ ቀኑን ሙሉ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። አስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ቋንቋውን በጉልምስና የተማሩ ናቸው፤ ያላገኙትን ለልጆቻቸው እየሰጡ ነው ማለት ነው።

ድንበሩን ካነሳን የዴሶቴል ጉዳይ መዘለል የለበትም። በ1956 የካናዳ መንግሥት በአሮው ሐይቆች አካባቢ የነበረውን የሲኒክስት ባንድ «ጠፍቷል» ብሎ ከመዝገብ ሰረዘው። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፤ ብዙዎቹ በኮልቪል ሪዘርቬሽን ውስጥ በሕይወት ነበሩ። በ2010 ከእነሱ አንዱ የሆነው ሪክ ዴሶቴል ድንበር ተሻግሮ በአባቶቹ ምድር ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ያለ ፈቃድ አደነ፤ አድኖም ራሱ ለባለሥልጣኖች አሳወቀ። መከሰስ ነበር የፈለገው። በሚያዝያ 2021 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረደለት። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖር ሕዝብ፣ አውሮፓውያን ሲመጡ በካናዳ ምድር የነበረ ማኅበረሰብ ወራሽ ከሆነ፣ በካናዳ ሕገ መንግሥት የሚጠበቅ መብት አለው ተባለ። ፍርዱ የውስጥ ክርክሩን ግን አልዘጋውም። ሲኒክስቶች ከሲይልኽ ጋር አንድ ቋንቋ ቢናገሩም፣ የሲይልኽ አካል ናቸው በሚሉና ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ ናቸው በሚሉ ወገኖች መካከል አለመግባባት አለ። ይህን የውጭ ሰው ሊዳኘው አይገባም፤ ተደባብሶ መታለፍም ግን የለበትም።

የመጨረሻው ጉዳይ ዓሣው ነው። አስተዳደሩና ባህሉ የሚገናኙት እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። ሳልመን በወንዝ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ለመውለድ ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ ይመለሳል። ለሲይልኽ ከአራቱ አለቆች አንዱ ነው። በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የግራንድ ኩሊ ግድብ ሲሠራ ትልቁ የዓሣ ማስገሪያ፣ የኬትል ፏፏቴ፣ በውሃ ተዋጠ፤ በሰኔ 1940 ከብዙ ቦታ የመጡ ሕዝቦች ተሰብስበው ለፏፏቴው አለቀሱለት። ግራንድ ኩሊም ሆነ ከበታቹ ያለው ቺፍ ጆሴፍ ግድብ ለዓሣ መተላለፊያ የላቸውም። የኦካናጋን ወንዝ ከኮሎምቢያ ጋር የሚገናኘው ግን ከሁለቱም በታች ነው፤ ስለዚህ ዘጠኝ ሌሎች ግድቦችን አልፎ የሚመጣ ሶክአይ የሚባል ቀይ ሳልመን አሁንም መድረስ ይችላል። ቢሆንም በ1990ዎቹ በአንዳንድ ዓመታት የተመለሰው ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር።

የኅብረቱ የዓሣ ክፍል ሥራውን የጀመረው ከቀላሉ ነገር ነው፤ ከውሃ አለቃቀቅ። በፔንቲክተን ያለው የሐይቁ መዝጊያ በክረምት ብዙ ውሃ ከለቀቀ በጠጠሩ ውስጥ ያለውን እንቁላል ጎርፍ ይጠርገዋል። ትንሽ ከለቀቀ ደግሞ ይደርቃል። ከመንግሥት ባለሙያዎች ጋር ሆነው መቼ ስንት ውሃ እንደሚለቀቅ የሚያሰላ የኮምፒውተር መሣሪያ ሠሩ። በ1950ዎቹ ለጎርፍ መከላከያ ተብሎ እንደ ቦይ ቀጥ የተደረገውን ወንዝ በከፊል ወደ ጠመዝማዛው መልሰውታል። በ2009 የማኪንታየር መገደቢያ ላይ ዓሣ ማለፊያ ተሠራ። በ2014 በፔንቲክተን የራሳቸውን የዓሣ መፈልፈያ ጣቢያ ከፈቱ፤ የንሲይልኽትስን ስሙ ሲተረጎም «ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ» ማለት ነው። ግንባታውን የረዱት ኮሎምቢያ ላይ ግድብ ያላቸው የዋሽንግተን የመብራት ድርጅቶች ናቸው፤ ዓሣውን የጎዳው ወገን የመመለሻውን ወጪ ተካፈለ ማለት ነው።

ውጤቱ የሚታይ ነው። በ2024 በኮሎምቢያ የመጀመሪያውን ግድብ አልፎ የተቆጠረው ሶክአይ ከ750 ሺህ በላይ ነበር፤ በዚያ ግድብ ታሪክ ከፍተኛው ሲሆን አብዛኛው ወደ ኦካናጋን የሚሄድ ነው። ይሁን እንጂ መቁጠር አንድ ነገር ነው፣ መድረስ ሌላ። በ2015 ውሃው ከልክ በላይ ሞቆ አብዛኛው ዓሣ በመንገድ ላይ አለቀ። ሙቀቱ ደግሞ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አልመጣም።

በላይኛው ኮሎምቢያ ያለው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በ1964 የጸናው የኮሎምቢያ ወንዝ ውል በካናዳና በአሜሪካ መካከል ሲደረግ ነባሮቹን ሕዝቦች ያማከረ አልነበረም። ውሉን ለማደስ በተጀመረው ድርድር በ2019 ሲይልኽ፣ ክቱናኻና ሴክዌፔምክ ሕዝቦች በካናዳ ወገን በታዛቢነት ገቡ። በዚያው ዓመት ሦስቱ ሕዝቦች ከፌዴራሉና ከክፍለ ሀገሩ መንግሥታት ጋር ሳልመንን ወደ ላይኛው ወንዝ ለመመለስ ተስማሙ። በመስከረም 2023 በአሜሪካ በኩል የኮልቪልና የሌሎች ሁለት ሕዝቦች መንግሥታት ለዚሁ ዓላማ በ20 ዓመት የሚከፈል 200 ሚሊዮን ዶላር አገኙ። በሐምሌ 2024 ሁለቱ አገሮች በውሉ መርሆች ላይ መስማማታቸውን አስታወቁ፤ በመጋቢት 2025 ግን የአሜሪካ መንግሥት ድርድሩን አቆመው።

ከድርድሩ ጎን ለጎን የሚሄድ አንድ ሥራ አለ። በኦካናጋን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የሳልመን እንቁላል በክፍላቸው ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ያሳድጋሉ፤ በጸደይ ወደ ወንዙ ወርደው ጫጩቶቹን ይለቋቸዋል። የሲይልኽ ልጆችም፣ አባታቸው ከሌላ አገር የመጣ ልጆችም አብረው ይሠራሉ። ዓሣውን በንሲይልኽትስን ስሙ ነው የሚጠሩት። አንዱ ሶክአይ ባሕር ወርዶ አድጎ እስኪመለስ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጅበታል።